ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ለፈረስ አይበቃም

መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታና በሰበታ ዙሪያ ደኅና ፈረስ ያለው ሰው በሦስቱ በዓላት ከሚደረገው የፈረስ ግልቢያ አንዱም እንዲያልፈው አይፈልግም። በሦስቱም የቀደመ ፈረስ ስሙ እስከ ሌላው መስቀል ሲነሣ ይከርማል፤ ገበያ ቢወጣም ዋጋው ሌላ ነው። "ግልቢያው እንደ ጥንቱ ይቀጥል ወይስ ሥርዐቱ ይለወጥ?" የሚለው ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚጦፈውም ለዚህ ነው። አንዱ የአባቶች ወግ አይነካም ይላል። ሌላው ሜዳው ይታጠር፣ ማጣሪያና ፍጻሜ ይኑረው፣ ስፖርት ይሁን ይላል።

እኔ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ግልቢያ መካከል ስላለው ዕረፍት። ልብሱ፣ ዘፈኑ፣ ፉከራው፣ ሜዳው፣ ርቀቱ እንዳለ ይቀመጥ። ዕረፍቱ ግን ፈረስ ይጎዳል፤ እሱ ይለወጥ።

ቀኑን እንቁጠር። ከመስከረም 17 እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ 102 ቀን አለ። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው ግን 12 ቀን ነው፤ ገና ታኅሣሥ 28 በሚውልበት በዘመነ ዮሐንስ ቢሆን 13። በዚያ ላይ ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦት ለማጀብ የወጣ ፈረስ ቀኑን ሙሉ በሕዝብ መካከል ቆሞ፣ ኮርቻ ሳይወርድለት፣ ውኃ እንደ ልቡ ሳያገኝ ነው የሚያመሸው። ስለዚህ እውነተኛው ዕረፍት 11 ቀን እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ክፍተት ፈረስ አቅሙን የሚረሳበት ያህል ረጅም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተጎዳው ሳይጠገን እንደገና የሚሮጥበት ያህል አጭር ነው።

በነዚያ ቀናት ፈረሱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል፤ "ደኅና ይበላል፣ ዓይኑም ንቁ ነው" የሚለው መለኪያ እዚህ ላይ አይሠራምና። ፈረስ አንድ ኪሎ ሜትር በሽምጥ ሲጋለብ በጡንቻው ካከማቸው ስኳር ጥሩ ድርሻ ያቃጥላል። ሰው ያቃጠለውን በአንድ ቀን ገደማ ሊተካ ይችላል። ፈረስ ግን ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል፤ ገብስ ቢጨመርለትም አይፈጥንም። ይሄ ቀላሉ ነው፤ በሦስት ቀን ያልቃል።

ከባዱ ጅማቱ ነው። ከፊት እግሩ ጉልበት በታች በኋላ በኩል የሚወርደው ጅማት በሽምጥ ጊዜ በየእርምጃው እየተለጠጠ ይመለሳል፤ መሐሉ እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። በዚያ ሙቀትና ውጥረት ጥቃቅን ክሮች ይበጠሳሉ። ወዲያው አያነክስም፤ ላይ ላዩን ምንም አይታይም። ክሮቹ ሳይጠገኑ ሁለተኛ ሽምጥ ሲጨመርበት ግን ጅማቱ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ጅማት ደግሞ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላም እንደ ፊቱ አይሆንም። አጥንትም እንዲሁ ነው። ሽምጥ የነካካውን አጥንት ሰውነቱ መጀመሪያ ፍቆ ያነሣዋል፤ በአዲስ የሚሞላው በኋላ ነው። በመፋቁና በመሙላቱ መካከል ባሉት ሳምንታት አጥንቱ ከወትሮው ይልቅ ደካማ ነው። የጥምቀት ግልቢያ የሚውለው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት አትሌቶች ሲሮጡ የሚያይ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ቀላል ቀን እንደሚያስገቡ፣ ትልቅ ውድድር ላይ ትልቅ ውድድር እንደማይደርቡ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ያውቃል። ለሰው የገባንን ለፈረስ የነፈግነው በቸልታ ነው።

አሁን ያለው ሥርዐት እስካልተለወጠ ድረስ ግን ፈረሱን በ12 ቀን የሚያሰልፍ ሰው አለና፣ ቢያንስ በትክክል ያድርገው። የምጽፈው 250 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን የደጋ ፈረስ ነው።

በገና ዕለት ከሽምጥ እንደወረዳችሁ ኮርቻውን አላሉት እንጂ ወዲያው አታውርዱት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእጅ እየሳባችሁ አራምዱት። ውኃ በአንድ ጊዜ አንድ ባልዲ ሙሉ ሳይሆን ሦስት ሦስት ሊትር በየጥቂት ደቂቃው ስጡት። ከግራ ክርኑ ኋላ እጃችሁን አስደግፋችሁ የልቡን ምት 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። ዐርፎ የቆመ ጤነኛ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ በሽምጥ ጊዜ ከ200 በላይ ይሄዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከ60 በታች ካልወረደ ያ ፈረስ ለጥምቀት አይታሰብ። ይህን አንድ ቁጥር በሁሉም ሜዳ ብንለምደው ብዙ ፈረስ ይተርፍ ነበር።

ከታኅሣሥ 30 እስከ ጥር 2 ጠዋትና ማታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በእጅ መራመድ ብቻ። በነዚህ ቀናት ብዙ ሰው የሚስተው ገብሱን ነው። "ደክሟልና ይካስ" ብሎ የሥራ ቀኑን ገብስ ሙሉውን፣ አንዳንዴም ጨምሮ ይሰጣል። ቆሞ የሚውል ፈረስ ሙሉ ገብስ ከበላ በኋላ ወደ ሥራ ሲመለስ የኋላ ጡንቻው ይደርቃል፤ ያልበዋል፣ አልራመድ ይላል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ጠቁሮ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ፈረሱን "ይፍታታ" ብሎ እንዳያራምደው፤ ባለበት አቁሞ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ፤ ጡንቻው እየፈረሰ ነውና በተራመደ ቁጥር ኩላሊቱ ይጎዳል። መፍትሔው አስቀድሞ ነው፤ በዕረፍት ቀን ገብሱን በግማሽ ወይም ከዚያ በታች ቀንሱ፣ ድርቆሹን አትቀንሱ። በቀን 5 ኪሎ ድርቆሽ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ውኃ እንደ ልቡ። በሥራ ቀንም ቢሆን ገብስ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ከሩብ አይለፍ፤ ከዚያ ያለፈው ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ይቦካል፤ ቁርጠት የሚያመጣው እሱ ነው። የተከካ ወይም የተዘፈዘፈ ገብስ ይሻላል፤ ያልተከካው ከፊሉ እንዳለ ይወጣል።

ጥር 3 እና 4 ለ20 ደቂቃ ያህል ቀስ ያለ ሶምሶማ። ጥር 5 መራመድ። ጥር 6 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ከ300 እስከ 400 ሜትር፣ በሙሉ አቅም ሳይሆን ዛቡን ይዞ። ከዚያ በኋላ እስከ ከተራ መራመድና ትንሽ ሶምሶማ እንጂ ሌላ የለም። ከጥር 7 በኋላ የሚደረግ ሽምጥ አቅም አይጨምርም፤ ያለውን ይወስዳል።

በየጠዋቱ፣ ከበረቱ ሳይወጣ፣ በእጃችሁ ጀርባ የሁለቱን የፊት እግሮች ጅማት እየዳበሳችሁ አወዳድሩ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ወይም ካበጠ፣ ስትጫኑት እግሩን ከሰበሰበ፣ ቢያነክስም ባያነክስም ነገሩ አብቅቷል። ከዚያ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስመጡት። የፊት እግር ያመመው ፈረስ ጤነኛው እግሩ ሲያርፍ ራሱን ዝቅ፣ የታመመው ሲያርፍ ከፍ ያደርጋል። ሰኮናም በዚህ ጊዜ አይቆረጥ። በበዓሉ ዋዜማ ሰኮና አስተካክሎ ማውጣት እንደ ጌጥ ይታያል፤ ነገር ግን አዲስ የተቆረጠ ሰኮና በደረቅ መሬት ላይ ያሳምመዋል። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለቅ። ሁለት ሳምንት ደግሞ በገናና በጥምቀት መካከል የለም።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ፈረሱን ለጥምቀት ሊያደርስ ይችላል። ግን አንድ ቀን እንኳ ቢዛባ ማካካሻ የለውም። አንዲት ትንሽ ቁስል፣ አንድ ቀን የሆድ ቁርጠት፣ አንድ ሌሊት ብርድ ሁሉንም ያፈርሰዋል፤ ባለቤቱ ግን ቃል ገብቷል፣ ሰፈሩ ይጠብቃል፣ ፈረሱ ይወጣል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ትሪፕል ክራውን (ሦስት ዘውድ) የሚሉት አላቸው፤ ዕድሜያቸው ሦስት ዓመት ለሆነ ፈረሶች የሚደረግ ሦስት ውድድር። ኬንታኪ ደርቢ በፈረንጆቹ ግንቦት (ሜይ) የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ 2,000 ሜትር ገደማ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕሪክነስ፣ 1,900 ሜትር ገደማ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤልሞንት፣ በወትሮው 2,400 ሜትር ገደማ። ሦስቱ በአምስት ሳምንት ያልቃሉ። እዚያም የሚጨቃጨቁበት ጥያቄ ያው የእኛው ነው፤ ሁለት ሳምንት ይበቃል ወይ?

"ወጉ አይነካ" ለሚለው ወገን እዚያ ያለው መልስ ጠንካራ ነው፤ ወጉ ራሱ ብዙ ጊዜ ተነክቷልና። እ.ኤ.አ. በ1917 እና በ1922 ደርቢና ፕሪክነስ በአንድ ቀን ውለዋል። በ1919 ሦስቱን መጀመሪያ ያሸነፈው ሰር ባርተን በሁለቱ መካከል የነበረው አራት ቀን ነው። በ1930 ጋላንት ፎክስ ሲያሸንፍ ፕሪክነስ ከደርቢ ቀድሞ ይደረግ ነበር። በ1946 አሶልት ያገኘው ዕረፍት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ዛሬ "ጥንታዊ" የሚባለው የሁለትና የሦስት ሳምንት ክፍተት ሳይዛነፍ የጸናው ከ1969 ወዲህ ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቤልሞንት ቀድሞ በሰኔ፣ ደርቢ በመስከረም መግቢያ፣ ፕሪክነስ በጥቅምት መግቢያ ተደርገዋል፤ የቤልሞንትም ርቀት ወደ 1,800 ሜትር አጥሯል። ሰማይ አልወደቀም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቦታው ተመለሰ።

እኩል መስማት የሚገባው ሌላ ወገን አለ፤ ጭንቁ ነው ክብሩ የሚለው። ሴክሬታሪያት እ.ኤ.አ. በ1973 በዚሁ በአምስቱ ሳምንት መጨረሻ ቤልሞንትን በ31 የፈረስ ርዝመት ያህል ቀድሞ፣ በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ አሸንፏል። ከአፈርምድ (1978) እስከ አሜሪካን ፌሮ (2015) ድረስ ለ37 ዓመት ሦስቱንም ማሸነፍ ማንም አልቻለም፤ ከዚያ በ2018 ጀስቲፋይ ደገመው። ሁሉም በተደጋገመ ቁጥር ዘውዱ ይረክሳል ይላሉ፤ ይህን ክርክር አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ያስታውሱ፤ እዚያ ያለው ዕረፍት የእኛን ያህል ነው፣ የተሸከመው ግን የእኛን ያህል አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የደርቢ ፈረስ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል። የሚሸከመው ጋላቢና ኮርቻ ተደምሮ 57 ኪሎ ነው፤ ከሰውነቱ 12 በመቶ ገደማ። የእኛ ፈረስ ሰላሌም ይሁን ሌላ 250 ኪሎ ገደማ ነው። 62 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ፣ 8 ኪሎ ኮርቻና ግላስ ሲጨመርበት 70 ኪሎ ይሆናል፤ 28 በመቶ። በዚያ ላይ ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከፍታ አላት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ፈረሱ ተወላጅ ቢሆን እንኳ ሽምጥ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከሁለት እጥፍ በላይ ጭነት ተሸክሞ፣ ያለ ሐኪም፣ በተሰነጠቀ መሬት ላይ የሚጋለብ ፈረስ የእነሱን ዕረፍት ይቅርና እጥፉን ቢሰጠው አይበዛበትም።

ክብደቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። በልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ ዳሌው ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,900 አካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 140 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 247 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በሩቅ ጉዞ ከሰውነቱ 20 በመቶ በላይ አታሸክሙት የሚለው የተለመደ መመሪያ ነው። ለአጭር ሽምጥ፣ ለ250 ኪሎ ፈረስ፣ እኔ እስከ 60 ኪሎ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰው ታቦት ያጅብ፣ ጉግስ ይጫወት፣ ግልቢያውን ግን ለቀለለው ይልቀቅ። ቀላል ጋላቢ ፍለጋ ተብሎ ሕፃን ማውጣት ግን በፍጹም አይገባም። ዕድሜም ይታይ፤ የዳር የፊት ጥርሱን ያልለወጠ ፈረስ ገና አራት ዓመት ተኩል አልሞላውም፤ አጥንቱ አልጠናም።

ወደ ዕረፍቱ ልመለስ። አሜሪካኖቹ ዘንድ አሁን የሚታየው ነገር ቀኑ ሲጠብ ምን እንደሚከተል ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደርቢን ያሸነፈው ሪች ስትራይክ በፕሪክነስ አልቀረበም። በ2025 ሶቨሪንቲ ደርቢን አሸነፈ፣ ፕሪክነስን ዘለለ፣ ዐርፎ መጥቶ ቤልሞንትን አሸነፈ። በሦስቱም የሮጠው ጆርናሊዝም በደርቢ ሁለተኛ፣ በፕሪክነስ አንደኛ፣ በቤልሞንት እንደገና ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ካሊፎርኒያ ክሮም ሁለቱን አሸንፎ ለሦስተኛው ሲቀርብ የቀደመው ቶናሊስት በሁለቱም ያልሮጠ ትኩስ ፈረስ ነበር። እዚያ ፈረሶች በአጠቃላይ የሚሮጡት ቀንሷል፤ በ1960 አንድ ፈረስ በዓመት በአማካይ 11 ጊዜ ገደማ ይወዳደር ነበር፣ ዛሬ ስድስት ገደማ። ባለቤቱ መዝለል የሚችል ከሆነ ይዘላል፤ ውድድሩም ከውስጡ ይሟሟል። የእኛ ባለፈረስ ግን አይዘልም። ገና ላይ ቀድሞ ጥምቀት ላይ የቀረ "ፈራ" ይባላል። ስለዚህ የእኛ ግልቢያ አይሟሟም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ፈረሱ ነው።

ክፍተት ማስፋት ብቻውን ሁሉን ያድናል ማለቴ ግን አይደለም። የእንግሊዞቹ ሦስት ውድድር ከግንቦት እስከ መስከረም የተዘረጋ ነው፤ ዕረፍቱ ሰፊ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1970 ከኒጂንስኪ ወዲህ ሦስቱን ያሸነፈ የለም፤ በ2012 ካሜሎት ለጥቂት ሳተው። እነሱን የጎዳው ርቀቱ ነው፤ 1,600፣ 2,400፣ ከዚያ 2,900 ሜትር ገደማ። አርቢዎች ለፍጥነት እንጂ ለርቀት ማራባት ትተዋል፤ ስለዚህ ለሦስቱም የሚሆን ፈረስ ጠፋ፣ ያለውም ለሦስተኛው አይቀርብም። ጃፓኖች ደግሞ 2,000፣ 2,400 እና 3,000 ሜትር ያስሮጣሉ፤ በሚያዝያ፣ በግንቦትና በጥቅምት። በ2005፣ በ2011 እና በ2020 ሦስቱንም የጠቀለሉ ፈረሶች አግኝተዋል፤ በመካከል ወራት ማለፋቸው ክብራቸውን አልቀነሰውም። ከሁለቱ የምወስደው ይህ ነው፤ የለመድነውን ርቀት አናስረዝም፣ ክፍተቱን እናስፋ።

ታዲያ ሦስተኛው ግልቢያ የት ይሂድ? የካቲት 23። የዓድዋ ቀን። ከታኅሣሥ 29 እስከ የካቲት 23 ድረስ 54 ቀን አለ። አጥንትና ጅማት የሚፈልገው ጊዜ ይህ ነው፤ ፈረሱም አቅሙን ሳይረሳ የሚቆየው እስከዚህ ነው። ቀኑም የፈረስ ቀን ነው። አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ፣ አባ ነፍሶ እያልን የምንጠራቸው ሰዎች በፈረሳቸው ስም ነው የሚታወሱት። አገዎች የፈረሰኞች ማኅበራቸውን በ1932 ዓ.ም. ሲመሠርቱ የዓድዋን ፈረሰኞች ማስታወሻ አድርገው ጥር 23 በእንጅባራ ማክበር ጀምረዋል፤ ለፈረስ ራሱን የቻለ ቀን መስጠት ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፣ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። የመጀመሪያው ጾም ነው። የካቲት 23 በብዙ ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ከግልቢያው በኋላ ያለው ሥጋና ጠላ እንደ ገና አይሆንም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያነሡ እውነታቸውን ነው። ግብዣው የጾም ይሁን፣ ወይም ለባለድሉ የሚደረገው ድግስ ለፋሲካ ይቆይ። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ተግባራዊ ነው። በዓድዋ ቀን ከዙሪያችን ያለ ፈረሰኛ ብዙው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይወርዳል። ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ቁልቁለቱን በአስፋልት ላይ ወርዶ የተመለሰ ፈረስ በዚያ ቀን ሊጋለብ አይችልም፤ አስፋልት ባልተጫማ ሰኮና ላይ ሽምጥ ያህል ይጎዳል። ስለዚህ ግልቢያው ከዓድዋ ቀጥሎ ባለው እሑድ ይሁን። እሑዱ ከበዓሉ ሦስት ቀን ሳይሞላ ከመጣ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይለፍ።

ጥምቀት ግን አይቀርም። ፈረስ በጥምቀት ታቦት ያጅብ፣ በሶምሶማና በደንገላሳ ሜዳውን ይዙር፣ ጉግሱም ይኑር፤ ብቻ አይቆጠር። ጉግስ በራሱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በሽምጥ መጥቶ ድንገት መቆምና መዞር የኋላ ጉልበቱን ይፈትነዋል፣ ልጓሙም በኃይል ሲሳብ አፉን ይቆርጠዋል። ገና ላይ የተጋለበ ፈረስ ለጉግስ አይግባ፤ ሌላ ፈረስ ይግባ።

ጥምቀት ከቁጥር ይውጣ የሚለውን የማይቀበል ሰፈር ይኖራል፤ አስባለሁ። ለዚያ የሚሆን ሁለተኛ መንገድ አለ። ሦስቱ በዓላት እንዳሉ ይቆዩና ውጤት የሚያዘው ከሦስቱ በምርጦቹ ሁለቱ ይሁን። አንደኛ ለወጣ 5፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 1 ነጥብ። በመስቀልና በገና የሮጠ ፈረስ ጥምቀትን ቢቀር ምንም አይጎድልበትም፤ በገና ያመመው በጥምቀት ይመጣል። "ፈራ" የሚለው ስድብም ቦታ ያጣል፤ መቅረት ደንቡ ውስጥ የተጻፈ መብት ይሆናልና። ነገር ግን ፈረስ ሁለት ላይ አንደኛ ከወጣ ሦስተኛው ላይ እንዳይመጣ በግልጽ ይከልከል፤ ካልተከለከለ ባለቤቱ ለስም ብሎ ያመጣዋል። ይህ መንገድ ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ማጣሪያና ፍጻሜ በአንድ ቀን ይሁን የሚለውን ሐሳብ ግን አልቀበልም። ጠዋት አንድ ሽምጥ፣ ከሰዓት ሌላ ሽምጥ ማለት የ12 ቀኑን ችግር በ5 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነው። ፈረሱ ከበዛ ስምንት ስምንት እየተደረገ ይሩጥ፤ ሰዓት የሚይዙ ሁለት ሰዎች ጊዜውን ይያዙ፣ የሁለቱ አማካይ ይጻፍ፣ ፈጣኑ ያሸንፍ። አንድ ፈረስ በቀን አንድ ሽምጥ።

ስለ መሬቱ ጥቂት። መስቀል ላይ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ገና ለስላሳ ነው፤ ሰኮና ይሰምጣል፣ ጅማት ይወጠራል፤ ስለዚህ የመስቀሉ ከ800 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ወቅቱ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚበረታበትም ነው። ቢሾፍቱ የሚዘጋጀው ክትባት ከክረምት በፊት፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ይሰጥ፤ የተከተበ ፈረስ ለሦስት ሳምንት አይጋለብ። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያበጠ ወይም ትኩሳት ያለው ፈረስ ወደ ሜዳ አይምጣ። ገና ላይ ያው መረሬ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰኮና ጫፍ ይይዛል። በዋዜማው መስመሩን በእግር ሂዱበት፤ ስንጥቁንና የፍልፈሉን ጉድጓድ በአፈር ሙሉ፣ የማይሞላውን በነጭ ኖራ ክበቡ። የካቲት ላይ መሬቱ ከሁሉም ይጠነክራል፤ በዚያ ጊዜ ሳር ያለበት ጨፌ ተመርጦ 1,000 ሜትር ቢሮጥ ይበቃል። ከመጨረሻው መስመር ወዲያ 200 ሜትር ባዶ ይተው። አደጋው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ሕዝቡ አሸናፊውን ለማየት ይሰበሰባል፣ ፈረሱ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይቆምም።

ለሚመጣው ዓመት ከታሰበ ጊዜው ይቆረጥ። ሳይዘጋጅ ለመስቀል የሚወጣ ፈረስ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋል፤ መስከረም 17 ከሆነ ነሐሴ 10 መጀመር አለበት። ባለፈረሱ ነሐሴ 10 ላይ ሲነሣ ሦስተኛው ግልቢያ ጥር ይሁን የካቲት ማወቅ አለበት፤ የገብሱ መጠን፣ ሰኮና የሚቆረጥበት ቀን፣ ፈረሱ ኅዳርን የሚያሳልፍበት ሥራ ሁሉ በዚያ ይወሰናል። ስለዚህ የየአካባቢው ሽማግሌዎች ከሐምሌ መጨረሻ በፊት ተቀምጠው ቀኑን ይወስኑ፤ የልብ ምት፣ የጅማትና የጥርስ ምርመራውን የሚያደርግ አንድ የእንስሳት ሐኪም ከወረዳው ይጠይቁ፤ ሐኪሙ "አይሮጥም" ያለውን ፈረስ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን እንዳያሰልፍ በፊርማ ይስማሙ።